ወንበሩ ገርጂ፣ ደሞዙ ቨርጂኒያ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ። የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። 11 ዓመት የኖርኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የምሠራው ለሆስፒታሎች የኢንሹራንስ ሂሳብ የሚያወራርድ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ደሞዜ በዓመት 62,000 ዶላር ነው። ከኮቪድ ወዲህ የምንሠራው ከቤት ነው።

መስከረም ላይ እናቴን ስትሮክ መታት። ላፕቶፔን ይዤ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6 ቀን 2025 ቦሌ ገባሁ። ይኸው የካቲትም ገባ፣ አሁንም እዚሁ ነኝ። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ሥራ እጀምርና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። የቅርብ አለቃዬ ያውቃል፣ የሰው ኃይል ክፍሉ (ኤችአር) ግን አያውቅም። ደብዳቤዬ ሁሉ እህቴ ቤት ነው የሚገባው። ደሞዜም እዚያው አሜሪካ ባንክ ይገባል።

ቡና የምንጠጣ ሰዎች ሁለት ዓይነት ነገር ይነግሩኛል። ግማሾቹ ‹ከ6 ወር በላይ ከቆየሽ የአሜሪካ ታክስ የለብሽም› ይላሉ። ግማሾቹ ‹ዶላሩ እዚህ እስካልገባ ድረስ ኢትዮጵያን አያገባትም፣ ደግሞ ቢጫ ካርድ አለሽ› ይላሉ። በእናቴና በእኔ ስም የጋራ የባንክ ደብተርም አለን። የአባቴ ቤት ተሽጦ የደረሳት ገንዘብ ነው፣ 2 ሚሊዮን ብር ገደማ። ክረምት ላይ ለ2 ወር ሄጄ ልመለስ አስቤያለሁ። ምን ይጠበቅብኛል?

የእናቷ ልጅ፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ቀን አስታምመሽ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ መሥራት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ጉዳይሽ ልግባ።

ቡና ላይ የሚነግሩሽ ሁለቱም ተሳስተዋል። ‹6 ወር› የምትባለዋ ነገር ከየት እንደመጣች ግን አውቃለሁ። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ ከቆየ ነዋሪ ነው ይላል። አሜሪካኖቹ ደግሞ 330 ቀን የሚል ሌላ ቁጥር አላቸው። ሰዉ የአንዱን ቁጥር ከሌላው አገር ሕግ ጋር ያጋባና በስኒ አቅርቦ ያጠጣሻል።

አንቺ ግን ለጊዜው ቀኑን መቁጠር ተዪው። ሁለቱም መንግሥታት አስቀድመው የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን ስትሠሪ የት ተቀምጠሽ ነበር? ደሞዙ የትኛው ባንክ ገባ፣ ቀጣሪው የየት አገር ድርጅት ነው፣ በዶላር ነው በብር፣ እሱ ሁሉ ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ወንበርሽ ገርጂ ከሆነ፣ አሜሪካም ገንዘቡን ‹ውጭ አገር የተገኘ ገቢ› ትለዋለች፣ ኢትዮጵያም ‹እዚህ የተገኘ ገቢ› ትለዋለች። በዚህ ላይ ሁለቱ አይጣሉም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱም ሂሳባቸውን ሲጠይቁ ነው።

ከአሜሪካ እንጀምር። ዜጋ ስለሆንሽ የትም ብትኖሪ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ለአይአርኤስ፣ ገቢሽን ማሳወቅ አለብሽ። ዜጋዬ ውጭም ቢኖር ግብር ይክፈለኝ የሚል አገር በዓለም ላይ እምብዛም የለም፤ ከአሜሪካ ሌላ የሚጠቀሰው ጎረቤታችን ኤርትራ ነው፣ በ2 በመቶው። ግሪን ካርድ ያላችሁ አንባቢዎችም እዚሁ ውስጥ ናችሁ። እናንተ ላይ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፦ ከዓመት በላይ ከቆያችሁ ካርዱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ማሳወቅ ሲባል ግን የግድ መክፈል ማለት አይደለም። ፎርም 2555 የሚባል አለ። ውጭ አገር ተቀምጠሽ ሠርተሽ ያገኘሽውን ደሞዝ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ከፌዴራል የገቢ ግብር ያወጣልሻል። ጣሪያው ለ2025 130,000 ዶላር ነው፣ ለ2026 ደግሞ 132,900። የአንቺ 62,000 በደንብ ይገባል። ግን በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም። ፎርሙን ሞልተሽ ካልጠየቅሽ መብቱ የለም። ‹ከጣሪያው በታች ስለሆንኩ አልሞላም› ብለው ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በኋላ ያወጡት የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ብቻ ያስለቅሳል።

መብቱን ለማግኘት አንቺን የሚቀልሽ መንገድ የ330 ቀኑ ነው። በማናቸውም ተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን አለብሽ። ሙሉ ቀን ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ኦክቶበር 6 ቦሌ ገባሽ፤ ስለዚህ መቁጠር የምትጀምሪው ከኦክቶበር 7 ነው። ንቅንቅ ሳትይ ከቆየሽ 330ኛው ቀን ሴፕቴምበር 1 ቀን 2026 ላይ ይውላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ለ2025 ሙሉውን 130,000 አታገኚም። ከኦክቶበር 7 እስከ ዲሴምበር 31 ያለው 86 ቀን ነው። በቀን ሲካፈል ጣሪያሽ 30,630 ዶላር ገደማ ይሆናል። በእነዚያ ወራት ያገኘሽው 15,000 ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ይበቃል። ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠሽ የሠራሽው ግን እንደ ወትሮው ግብር አለበት። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ግብር ማሳወቂያው ቀን፣ ኤፕሪል 15፣ ሲደርስ 330 ቀኑ አልሞላም። ያልሞላ ቀን ይዘሽ ሞላ ብለሽ እንዳትፈርሚ። ውጭ ያለ ሰው ሳይጠይቅ እስከ ጁን 15 ድረስ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። ፎርም 4868 ስትሞዪ ደግሞ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘምልሻል። ያ ለአንቺ ይበቃል። የሚቀርብሽ ክፍያ ካለ ግን ወለዱ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ስለሚቆጥር እሱን አስቀድመሽ ክፈዪ።

ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ የጡረታና የአረጋውያን ጤና መድን መዋጮ፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ቀጣሪሽ የአሜሪካ ድርጅት እስከሆነ ድረስ 7.65 በመቶው ገርጂም ሆነሽ ይቆረጣል፤ በዓመት 4,743 ዶላር። ጡረታሽ ስለሆነ አትዘኚበት።

አሁን ወደ እናትሽ ደብተር። ይኼን ያነሳሁት አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ውጭ አገር ባሉ ሒሳቦችሽ ላይ ያለው ገንዘብ ተደምሮ፣ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤፍባር የሚባለውን ማሳወቂያ መላክ አለብሽ። ‹ገንዘቡ የእናቴ ነው› ማለት እዚህ ውሃ አያነሳም። ስምሽ ካለበት፣ ወይም ፈርመሽ ማውጣት ከቻልሽ፣ ይቆጠራል። የጋራ ስለሆነም ግማሹ ተብሎ አይካፈልም፣ ሙሉው ነው የሚጻፈው። 2 ሚሊዮን ብር በዛሬ ምንዛሪ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። አንቺ ደግሞ የራስሽ የዶላር ሒሳብ ካለሽ እሱም ይደመራል።

ኤፍባር ላይ የሚከፈል ነገር የለም። በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ የሚሄደውም ለአይአርኤስ ሳይሆን ፊንሰን ለሚባለው ለሌላው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ነው። የባንኩን ስም፣ አድራሻውን፣ የሒሳብ ቁጥሩንና በዓመቱ የነበረውን ከፍተኛ መጠን ትጽፊያለሽ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባይሞላ ግን፣ አውቀሽ ያልደበቅሽው እንኳ ቢሆን፣ ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። የእናትሽን ስትሮክ ለማስታመም መጥተሽ፣ በእናትሽ ደብተር ምክንያት ያንን ብትከፍዪ እኔ ራሴ አልቅስ ይለኛል። ነገ ጠዋት ባንክ ሂጂና የ2025ን ስቴትመንት አስወጪ። ማህተም ይኑረው።

ይኼን ሁሉ ያልኩሽ ቀላሉን ነው። ከባዱ ኢትዮጵያ ነው።

አዋጁ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ ደሞዙ የትም ይከፈል፣ ከኢትዮጵያ የተገኘ ገቢ ነው። ስለዚህ ‹ዶላሩ እዚህ አልገባም› የሚለው ክርክር ከመነሻው ተዘግቷል። 183 ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ነዋሪ ትሆኛለሽ፤ ያኔ እዚህ የሠራሽው ብቻ ሳይሆን ከሌላ አገር የምታገኚውም ወደ ጥያቄው ይገባል። ከኦክቶበር 6 ከቆጠርሽ 183ኛውን ቀን ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ታልፊዋለሽ።

ቢጫ ካርዱስ? የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ያለ ቪዛ እንድትገቢ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንድትሠሪ ያደርግሻል። ከግብር ነፃ የሚያደርግ አንድም መስመር የለውም። እንዲያውም ለመሥራት መብት ያለሽ ሰው መሆንሽን የሚያስረዳው እሱ ነው።

አንዳንዱ ‹ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት አለ አይደል?› ይላል። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከቻይና፣ ከእስራኤልና ከሌሎችም አገሮች ጋር ተፈራርማለች። ከአሜሪካ ጋር የለም። የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነትም የለም። ለንደን ወይም ቴል አቪቭ ላለ ቀጣሪ ከዚህ የምትሠሩ አንባቢዎች ስምምነቱን ማየት አለባችሁ። እህታችን ግን የምትከለልበት ጥላ የላትም።

ቁጥሩን ሳየው እኔም ደነገጥኩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው ሠንጠረዥ፣ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በየደረጃው ይወጣና በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ይመታል። ደረጃው የተሠራው በብር ለሚከፈለው ደሞዝተኛ ነው። የአንቺ በወር 5,166 ዶላር ነው። ለሂሳብ እንዲቀለን ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው፤ 775,000 ብር ይሆናል። 35 በመቶው ሲሰላ፣ የደረጃው ተቀናሽ 2,050 ብር ሲወጣለት፣ ግብሩ በወር 269,200 ብር ነው። 1,800 ዶላር ገደማ። በዓመት 21,500። ይኸው ደሞዝ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ፣ ላላገባ ሰው የፌዴራል ግብሩ በ2025 ሂሳብ 5,300 ዶላር አካባቢ ነበር።

አሁን ‹ጋሼ፣ ይኼን ማን ይከፍላል?› ትዪኝ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደማይከፍል አውቃለሁ። ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ለሲያትልና ለዳላስ የሚሠራውን ልጅ ሁሉ ግብር ቢሮ አላየሁትም። እኔ ግን አትክፈዪ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ምክንያቴም ስብከት አይደለም። ፎርም 2555 ላይ ‹ሥራዬን የሠራሁት ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ ነው› ብለሽ በቃለ መሐላ ትፈርሚያለሽ። ያንን ወረቀት ተጠቅመሽ የአሜሪካን ግብር ካስቀረሽ በኋላ፣ እዚህ ‹ሥራዬ አሜሪካ ነው› ማለት በሁለት ቢላዋ መብላት ነው። ፎርሙ ራሱ ይኼን ያውቃል። ከ330 ቀኑ ሌላ፣ የውጭ አገር ነዋሪ ነኝ ብሎ የሚሞላበት ክፍል አለው። እዚያ ላይ፣ ለዚያ አገር መንግሥት ‹ነዋሪ አይደለሁም› ብለሽ ጽፈሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀው ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ቀጣሪ ስለሌለሽ ከደሞዝሽ ቆርጦ የሚያስገባልሽ የለም። በራስሽ እግር መሄድ አለብሽ። የሥራ ውልሽን፣ የየወሩን የደሞዝ ወረቀትና ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን የመግቢያ ማህተም ይዘሽ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ግራ ሊገባው ይችላል። ‹ድርጅቱ እዚህ የለም? ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?› ይልሻል። አትናደጂ፣ ሠንጠረዥ ‹ሀ› ነው በዪው፣ የመቀጠር ገቢ። የሚሰጥሽን መልስ በቃል እንዳትቀበዪ፤ ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገብተሽ መልሱን በደብዳቤ ተቀበዪ። ከመሄድሽ በፊት ግን የውጭ ቀጣሪ ጉዳይ የሠራ የሒሳብ አዋቂ ጋር አንድ ቀን ተቀመጪ። ለዚህ የምታወጪው ገንዘብ አይቆጭሽም።

የኢትዮጵያን ከከፈልሽ ደግሞ የአሜሪካ ወረቀትሽ ላይ ምርጫ ይመጣል። ከፎርም 2555 ይልቅ በፎርም 1116 ‹እዚያ ይኼን ያህል ከፍያለሁ፣ ከእናንተው ላይ ይቀነስልኝ› ማለት ትችያለሽ። 35 በመቶው የአሜሪካውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ የተረፈው ለ10 ዓመት ይቀመጥልሻል። ብዙ ባለሙያ ከፍተኛ ግብር ያለበት አገር ላለ ሰው 1116ን ይመርጣል። ለአንቺ ግን እኔ 2555ን ነው የምለው። ምክንያቱ ቨርጂኒያ ናት።

ቨርጂኒያ በቀላሉ የምትለቅ ክፍለ ግዛት አይደለችም። መንጃ ፈቃድሽ የእሷ ነው፣ ደብዳቤሽ እህትሽ ቤት ይገባል፣ እናትሽ ሲሻላት ልትመለሺ አስበሻል። በሕጓ አሁንም የእሷ ነዋሪ ነሽ፤ ሜይ 1 ላይ ወረቀትሽን ትጠብቃለች። ከ17,000 ዶላር በላይ ያለው 5.75 በመቶ ነው። ሂሳቡን የምትጀምረው ግን ከፌዴራሉ የተጣራ ገቢ ነው። በ2555 ያወጣሽው ደሞዝ እዚያ ቁጥር ውስጥ ስለማይገባ፣ ቨርጂኒያም አታገኘውም። በ1116 ከሄድሽ ግን ደሞዙ ሙሉውን እዚያው ይቀመጣል፣ እሷም ድርሻዋን ትወስዳለች። ሁለቱን በአንድ ደሞዝ ላይ ደርቦ መጠቀም አይቻልም። ባለሙያሽ ጋር ስትሄጂ ይኼን ጥያቄ በቀጥታ አንሺ። ሲያትል ወይም ዳላስ ብትሆኚ ኖሮ ዋሽንግተንና ቴክሳስ የደሞዝ ግብር ስለሌላቸው ይኼን አንቀጽ ባልጻፍኩት ነበር።

ኤችአርን በተመለከተ፣ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል። የታካሚ መረጃ ነው የምትነኪው። ብዙ ሆስፒታሎች ከእንደዚህ ዓይነት ድርጅቶች ጋር ሲዋዋሉ መረጃው ከአሜሪካ ውጭ እንዳይከፈት ይከለክላሉ። ያለሽበትን ቦታ የሚደብቀውን ቪፒኤን ከፍተሽ አሌክሳንድሪያ ያለሽ ብትመስዪም፣ አንድ ቀን መብራት ሄዶ መልሰሽ ስትገቢ ኮምፒውተሩ ገርጂን ያሳያል። አለቃሽ ማወቁ ለአንቺ ከለላ አይሆንም፤ ቢጠየቅ እሱም መጀመሪያ የሚያድነው ራሱን ነው። ደግሞ ፎርም 673 የሚባለውን ለድርጅትሽ ካልሰጠሽ፣ የደሞዝ ክፍሉ የፌዴራል ግብሩን መቁረጡን አያቆምም፤ በየወሩ ቆርጦ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ትጠይቂያለሽ። ፎርሙን ለመስጠት ደግሞ የት እንዳለሽ መናገር ግድ ነው።

አጭር ኢሜይል ጻፊ። እናትሽ መታመሟን፣ መቼ እንደሄድሽ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዪ ንገሪያቸው። ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም። እምቢ ካሉሽ፣ ድርጅቱ 50 ሠራተኛ ካለውና አንቺም ዓመት ከሠራሽ፣ ወላጅ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል ሕግ አለ። ያኔ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ሥራሽ ግን ይጠበቅልሻል።

ምናልባት ‹እሺ፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ ኮንትራክተር ሁኚ› ይሉሽ ይሆናል፤ ተቀጣሪ መሆንሽ ቀርቶ በራስሽ በውል ሥሪ ማለታቸው ነው። ደስ ብሎሽ ቶሎ እንዳትፈርሚ። ኮንትራክተር ስትሆኚ የሶሻል ሴኩሪቲውን የቀጣሪውንም ድርሻ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፣ 15.3 በመቶ። ፎርም 2555 እሱን አይነካውም። በ62,000 ላይ 8,760 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ የጤና ኢንሹራንስሽም ይቀራል። ክፍያው ቢያንስ ይኼን ያህል ካልጨመረ፣ ደሞዝሽ ተቀነሰ ማለት ነው።

የክረምቱ ጉዞሽ ቀረ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2025 እስከ ኦክቶበር 6 ቀን 2026 ባለው ዓመት ውስጥ አሜሪካ ልታሳልፊ የምትችይው 35 ቀን ብቻ ነው። 2 ወር ከሄድሽ 330ው ይፈርሳል፤ የ2025ቱም፣ እስከ ጉዞሽ ድረስ ያለው የ2026ቱም መብት አብሮ ይሄዳል። የምትሄጂበትና የምትመለሺበት ቀን ከ35ቱ ላይ ስለሚበላ፣ በረራ ቢሰረዝ እንኳ እንዳትቸገሪ 28 ወይም 30 ቀን ብለሽ ያዢ። በዚያ ጊዜ እህትሽ ቤት ተቀምጠሽ የምትሠሪበት ደሞዝ ደግሞ የአሜሪካ ገቢ ስለሆነ በ2555 አይወጣም፤ ከቻልሽ ያንን ጊዜ የዓመት ፈቃድ አድርጊው። የቦርዲንግ ፓሶችሽንም አትጣዪ፣ ከእናትሽ ደብተር ስቴትመንት ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫቸው።